ተርባ የምትወርድ በቅሎ

የጭነት መኪና ሲመጣ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነበር የሚያውቀው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ላይ፣ ከኩርባዎቹ በአንዱ፣ ለብዙ ዓመት ቆሎና ውኃ ሸጫለሁ። ቆሎው ለሰው ነው። ውኃው ግን ለመኪና ነበር። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ሹፌር ፍሬን ሲይዝ፣ ሲለቅ፣ መልሶ ሲይዝ፣ እኔ ዘንድ እስኪደርስ የጎማው ብረት ከአንጥረኛ እሳት እንደወጣ ይግላል። ስለዚህ ዳር ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። እኔ ውኃውን በጀሪካን አቀርባለሁ፤ ብረቱ ይንጫጫል፣ ይጨሳል። ሹፌሩም መኪናው እስኪበርድለት ጉብታ ላይ ተቀምጦ ቆሎዬን ይቆረጥማል። ቤቴን ያቆምኩት በጋለ ፍሬን ነው ብል አልዋሸሁም።

የተቃጠለ ፍሬን የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል። ጥቂት የሸተተው ሹፌር ሲጠነቀቅ የመጣ ነው፣ ብዙ የሸተተው ቸኩሏል። ከሁሉ የምፈራው ግን ድምፅ የሌለውን ነበር። አንዳንዱ ሹፌር ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። ሞተር ሲጮኽ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ዝም ካለ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ይደክማል። አንድ ቀን እንዲህ ያለው ዝምተኛ በፊቴ እንደ ነፋስ አልፎ ከተራራው በኩል ካለው ግንብ ጋር ተላትሞ ቆመ። ጭነቱ በመንገዱ ተበተነ። ሹፌሩ ወጥቶ፣ ለጎማ ያስቀመጥኩትን ውኃ ከነጀሪካኑ አንስቶ ጠጣው። እግዚአብሔር ይመስገን እሱ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ዝም ካለ ልቤ ይቆማል።

አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ። ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነበር። ያደገችው እዚያው ኩርባ ላይ ስለሆነ ከፊደል በፊት ማርሽ በድምፁ ለየች። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እሷ አስተማሪ እንድትሆንልኝ ነበር ምኞቴ። እሷ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ያዘች። ባጃጅ ነው፣ ቢገለበጥም ሰው ያነሳዋል ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከዳባት ጎንደር ነው፣ መንገዱ ደልዳላ ነው ብላ አሳመነችኝ። ደልዳላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ያለውን ብርድና ጭጋግ የማያውቅ የለም። ቢሆንም በየጉዞው እየደወለችልኝ ለመድኩት።

ከዚያ አዲሱ መኪና መጣ። ባለቤቱ ዳባት ያለ የእህል ነጋዴ ነው። ናፍጣ ለማግኘት መኪኖች በሰልፍ ሲውሉ ሲያድሩ አይቶ፣ ሃይብሪድ የሚሉትን ገዛ። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ሃይብሪድ ማለት ሁለት ሞተር ያለው ነው። አንዱ ናፍጣ የሚጠጣው፣ የምናውቀው ነው። ሌላው በባትሪ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ዳገት ላይ ሁለቱ ተጋግዘው ይገፋሉ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጎማው ራሱ የኤሌክትሪኩን ሞተር እያዞረ ባትሪውን ይሞላል። የዳባት ሰው ነገሩን ሲሰማ ጊዜ ሳይፈጅ ስም አወጣላት፤ በቅሎ አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጄ በሄደችበት ሁሉ «የመኪናሽ አባት ማን ነው?» ይሏታል። እሷም «እናቷ ናፍጣ ናት» እያለች ታልፋለች።

በበቅሎዋ አልተከፋሁም። የተከፋሁት ባለመኪናው ቤቴ የመጣ ቀን ነው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«እትዬ፣ ልጅዎን እንዲፈቅዱልኝ መጥቻለሁ» አለኝ።

«ለጋብቻ ነው?»

«ለዛሪማ ነው።»

«ከዛሪማስ ጋብቻው ይሻለኝ ነበር» አልኩት።

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ከዳባት ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭና ሊማሊሞን ትወርዳለች፣ ከቆላ ማሽላ ጭና ትወጣለች፣ በሳምንት ሁለቴ። ደመወዙም ከጎንደሩ ይሻላል። ይህን ሁሉ ነገረኝ።

«ሌላ ሹፌር አጥተህ ነው?»

«ሹፌር ሞልቷል። በቅሎዋን ተምራ የምታውቃት ግን እሷ ናት። እኔ ደግሞ እናቱ ያልመረቀችውን ሹፌር ሊማሊሞ አላወርድም። አባቴም አላወረደም። እናት ቤት ተቀምጣ እያለቀሰች መኪና ቁልቁለት አይላክም፤ ይሄ ድሮም የነበረ ነው።»

እውነቱን ነው፤ በኛ አገር እንዲህ ነው። ብዙ ሹፌር የእናቱን ጉልበት ስሞ ወደ ኩርባዬ ሲመጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እስከ ቅዳሜ ማታ መልስ እንድሰጠው ነገረኝ፤ እምቢ ካልኩ መኪናዋን ለሌላ ሊሰጣት ነው። ልጄ በሩ ጋ ቆማለች። ብትለማመጠኝ እምቢ ማለት በቀለለኝ። ሰውየው ሲወጣ ብቻ እንዲህ አለች፦

«እማ፣ አልለምንሽም። ቅዳሜ ለሙከራ አንድ ጭነት አወርዳለሁ፤ ባለመኪናው አንቺ ካለሽበት ይሁን ብሏል። አብረሽኝ ውረጂ። ከዚያ በኋላ ያልሽው ይሆናል። ወደ ጎንደሩም እመለሳለሁ፣ ወደ ባጃጁም።»

ባጃጁን ስታነሳ ድምፅዋ ወረደ። መኪናዋን ከልቧ እንደወደደቻት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳባት ድንቿን ጭና ደባርቅ ደጃፌ ድረስ መጣች። እኔ ተዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ገመድ፣ ሁለት ነጠላ፣ ከግቢዬ ደግሞ ሁለት ድንጋይ ይዣለሁ።

«ድንጋዩ ምንድን ነው?» አለች።

«ለጎማው ነው።»

«እማ፣ ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ የሚታጣ መስሎሽ ነው?»

«የማውቀው ድንጋይ ይሻለኛል።»

ድንጋዮቹን እግሬ ሥር አድርጌ ጋቢና ገባሁ። ከመሪው ጎን ትንሽ የመስታወት ሰሌዳ አለ፤ እዚያ ላይ የባትሪ ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ ባዶ ነው፤ ከታች ቀይ ጭራ ብቻ ቀርቶታል።

«ይሄ ቀዩ ምን ማለት ነው?»

«ባትሪው ሊያልቅ ነው ማለት ነው።»

«ሊያልቅ ነው እያልሽ ነው ሊማሊሞ የምትገቢው?»

«ሆን ብዬ ነው የጨረስኩት። ከዳባት እስከዚህ ዳገት ነው፤ በባትሪው ገፍቼ አራቆትኩት። አሁን ርቦታል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ይበላል።»

«እኔ ወደ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ከብት አብልቼ ነው የማስነሳው።»

«ይቺ እየሄደች ነው የምትበላው። ባትሪው ሲሞላ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ መብላቷ ነው ፍሬኗ። ጠግባ ከመጣች አልበላም ትላለች፣ ያን ጊዜ ቁልቁለቱን የሚይዝልኝ አንድ ነገር ይጎድላል። እንዲህ ነው ያስተማሩን፤ ከትልቅ ቁልቁለት በፊት አስርቧት ነው ያሉን።»

አስርቦ መንገድ መጀመር ለኔ ጆሮ ኃጢአት ይመስላል። አማተብኩ።

ከተማውን አልፈን መንገዱ ወደ ገደሉ ሲዘነብል፣ ከሥራችን አገሩ ሁሉ ተዘረጋ። ልጄ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሳች። ወዲያው ሞተሩ ዝም አለ። ከንፋሱ ሌላ የሚሰማ የለም፤ ካለም እንደ ንብ ቀፎ ከሩቅ የሚያጉተመትም ነገር ነው። ሁለት እጄ የበሩን መያዣ ጨመደደው።

«ሞተሩ ጠፋ» አልኳት።

«አዎ» አለች፣ ረጋ ብላ።

የገደለኝ «አዎ» ማለቷ ነው። ባትሪው እየበላ እንደሆነ፣ መኪናዋን እሱ እንደያዛት ልትነግረኝ ጀመረች። እኔ የሚታየኝ ግን ያ ጭነቱ የተበተነው መኪና ብቻ ነበር።

«አቁሚ።»

«እማ፣ እዪው፣ በዝግታ ነው እኮ...»

«አቁሚ አልኩሽ።»

አቆመች፤ መኪናዋም እንደታዘዘች ቀጥ አለች። ሁለቱን ድንጋዮቼን ይዤ ወርጄ ከፊት ጎማዎቹ ፊት ወተፍኳቸው። ልጄ በመስኮት ብቅ ብላ ታየኛለች።

«አሁንስ ወዴት ነው?»

«አንቺም ውረጂ።»

«ድንቹን ማን ያውርደው? በሸክም ልናደርሰው ነው?»

መኪናዋን ጥላ አትወርድም፣ እኔም አልገባም። መኪና ከኋላችን መጥቶ ጥሩምባ ነፋብን።

«እንግዲያው በአቋራጩ ውረጂ» አለችኝ። «እኔ በኩርባው ዞሬ እመጣለሁ፤ ኩርባው ጋ እየጠበቅሽ ታይኛለሽ። ካላማረሽ እዚያው አቆማለሁ።»

ሊማሊሞ ላይ መኪናው እየተጠማዘዘ የሚዞረውን እግረኛ ቀጥ ብሎ ይወርደዋል። ያ አቋራጭ እኔ ለዓመታት ጀሪካን ተሸክሜ የወጣሁበት የወረድኩበት ነው። ድንጋዮቼን አንስቼ ወረድኩ። ልጄ «ድንጋዮቹን እንኳ ጋቢና ልያዝልሽ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ከግቢው ድንጋይ ተሸክሞ ሊማሊሞን የወረደ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከታችኛው ኩርባ ቀድሜ ደረስኩና ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ በቅሎዋ ዞራ ብቅ አለች። ድምፅ የላትም፤ ግን አትሮጥም። ቅዳሴ እንደረፈደበት ሳይሆን እንደቀደመ ሰው ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። አጠገቤ ቆመች። ወደ ጎማው ሄጄ መጀመሪያ አሸተትኩ። አልሸተተም። ከዚያ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ በእጄ ጀርባ ብረቱን ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

«ትኩሳት አላት?» አለችኝ ልጄ ከላይ።

«የላትም።»

«ጨጓራዋንስ ታይልኛለሽ?»

«ዝም ብለሽ ንጂ» አልኳት፤ እንደገና በአቋራጩ ወረድኩ።

ቀጥሎ ባለው ኩርባም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም ቀጥሎ ባለው። እኔ እወርዳለሁ፣ እሷ ትዞራለች፣ እኔ እነካለሁ፣ እሷ ትቀልዳለች። ነጠላዬ ላብ በላብ ሆነ። ጎማው ግን ከኔ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው።

እንዲህ እያልን ድሮ ቆሎ የምሸጥበት ኩርባ ደረስን። እዚያ አንድ የዱሮ ደንበኛዬ፣ ሽበታም ሹፌር፣ መኪናውን አቁሞ ጎማው እየጨሰ ጉብታው ላይ ተቀምጧል። ሽታው ገና ከላይ ነበር የተቀበለኝ። ድንጋይ ታቅፌ ከቁጥቋጦው ስወጣ አየኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወደ ንግድሽ ተመለስሽ? አሁን ደግሞ ድንጋይ መሸጥ ጀመርሽ?»

«ለአንተ በነፃ ነው። ረዳትህ የወተፈው ትንሽ ነው።»

«ውኃስ?»

«ውኃ ትቻለሁ። ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

ይህን ስል በቅሎዋ ዞራ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ሰውየው ዙሪያዋን አየ።

«ወሬኛው ሁሉ የሚያወራላት በቅሎ ይቺ ናት? በቅሎ እኮ መካን ናት፤ አትወልድም።»

ልጄ በመስኮቱ ክንዷን አሳርፋ «ጋሼ፣ እንድታደርስ ነው የታዘዘችው። ያዘዙኝ ድንች ነው፤ ውርንጭላ አምጪ ያለኝ የለም» አለችው።

ተነስቶ ጎማው ጋ ቁጢጥ አለ። በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው፣ ቀጥሎ መዳፉን ሙሉ አሳረፈበት። ሳያነሳ ቆየ። የራሱ መኪና አጠገቡ ይጨሳል።

«ልጅሽ ነድታ ነው የመጣችው ወይስ በቃሬዛ አምጥተዋት ነው?» አለኝ።

«እኔ እንዳየሁት ነድታ ነው።»

«ታዲያ አንቺ በእግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጄ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሞተሩ ዝም ስላለ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ዝም ያለ መኪና ምን እንደሆነ እሱም ያውቃል። ልጄ ከመኪናዋ ወርዳ ያን የባትሪ ነገር ነገረችው። ጉዳዩ ሲገባው «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ሁሉ ሙቀት ለንፋስ ስሰጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው» አለ። «እሷ ታጠራቅመዋለች» ብሎ፣ እኔ ቆሎ ስላልያዝኩ ከኪሱ ሽምብራ አውጥቶ አካፈለን።

ከሱ ከተለየን በኋላ ባለው አቋራጭ መሃል ላይ ሳለሁ፣ ከበላዬ በቅሎዋ ድንገት አጓራች። ናፍጣው ሞተር በሙሉ ድምፁ ተነስቷል። አንድ ነገር ተሰበረ ብዬ ድንጋዮቹን ጣልኳቸው። ቁልቁለቱን በሩጫ ወርጄ ኩርባው ላይ ስደርስ እሷም ደረሰች። ፍጥነቷ ያው እንደበፊቱ ነው።

«ምን ሆነች?»

«ጠገበች» አለች ልጄ። ሰሌዳውን አሳየችኝ፤ ያ ባዶ የነበረው ሥዕል ሞልቷል። «ከዚህ በኋላ አትበላም። አሁን የሚይዛት ሞተሩ ነው፣ እንደ ድሮው መኪና። አብዛኛውን ቁልቁለት በባዶ ሆዷ ይዛ አወረደችን፤ የቀረው ትንሽ ነው።»

ቆሜ አዳመጥኩ። ያ ድምፅ ለኔ የማውቀው ነው፤ ሞተር በትንሹ ማርሽ ጭነት ይዞ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ። ልጄን ያስተኛሁበት ድምፅ ነው። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«ገባሽ?»

«ጉልበቴ አልቆ ነው።»

«ለሞተሩ ነው እንጂ።»

«ለሞተሩም ነው» አልኳት። ግን ለሞተሩ ብቻ አልነበረም። እጄ በየኩርባው የነካው አለ። ዝም ስትልም ስትጮኽም ይህች መኪና መያዣ እንዳላት እጄ ከኔ ቀድሞ አምኗል። ጆሮዬ ነበር የዘገየው።

ዛሪማ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተቀበለን። ተሸካሚዎች ድንቹን ማውረድ ሲጀምሩ እኔ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ባለመኪናው በልጄ ስልክ ደወለ። «እናትሽን አገናኚኝ» ብሏት ስልኩን ሰጠችኝና ራቅ ብላ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ የጎማ ብሎን የምትቆጥር መሰለች።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?»

«እግሬ ተላጠ።»

«ስለ ልጅዎ ነው የምጠይቀው።»

«ስለሷ ከሆነ የምልህ አለ። ደባርቅ ላይ ባትሪዋ ሞልቶ ከተገኘ አትወርድም። ጭነቱ ከደባርቅ ከሆነም መጀመሪያ ዳባት ደርሳ ዳገቱን ትውጣ፣ ርቧት ትምጣ። ጭጋግ ካለ ትደር። ገበያ አለፈኝ ብለህ አትደውልባት፤ እየነዳች ስልክ አታነሳም።»

«እንዲህ ያለ ውል ያስገባኝ ሹፌር የለም» አለ።

«ውሉ የሹፌሯ አይደለም፣ የእናቷ ነው። እሺ ትላለህ?»

«እሺ። ሌላስ አለ?»

«ሌላ የለም። መርቄያታለሁ።»

ልጄ ብሎኑን ትታ ዞረች። መጥታ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች፤ ፊቷ የድንች አፈር ነበረበት፣ ቀሚሴን አበላሸችው። እጄን ራሷ ላይ አድርጌ «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ጭጋግ፣ ከክፉ ኩርባ ይሰውርሽ፤ ወጥተሽ ግቢ» አልኳት። ተሸካሚዎቹ ከረጢት እንደያዙ ቆመው «አሜን» አሉ። አንዱ «ለኛም ወገብ ጨምሩልን፣ እናቴ» አለኝ፤ እሱንም መረቅሁት።

ማሽላው ተጭኖ ስንነሳ ዳገቱን አስቤ ፈርቼ ነበር። ወደ ላይ ስትወጣ ሞተሩም፣ ያ ስንወርድ የተጠራቀመው ባትሪም አብረው ሲገፉ ግን መኪናዋ እንደ ሌሎቹ አላቃሰተችም። ከኛ በፊት ሲንፏቀቅ የነበረውን አንዱን መኪና አልፈነዋል። ልጄ በእጇ ሰላም አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

የነቃሁት በብርዱ ነው። ነጠላዎቹ ሁለቱም እላዬ ላይ ተደርበዋል። በመስኮቱ የደባርቅ ባሕር ዛፍ ይታየኛል።

«ሊማሊሞ የት አለ?» አልኳት።

«አለፍነው እኮ።»

«ሳትቀሰቅሺኝ? ታዲያ ኩርባዎቹን ማን ጠበቀ?»

«እኔ» አለች ልጄ።